ፊት ከተላጠ በኋላ፦ የአሲዱና የቅባቱ ታሪክ

ዛሬ ስለ ፊት ቆዳ አንድ ታሪክ ላጫውትዎ ነው። ታሪኩ ረጅም ነው፤ መጨረሻው ግን እርስዎ ቤት፣ መስታወትዎ ፊት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ወጣት ሠርጓ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልትታከም መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር። ማድያቷን ለማጥፋት ብላ ፊቷን በአሲድ አስልጣለች። የሠራላት ሰው አሲዱን ቀብቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ «በሳምንት ይለቅሻል» ብሎ ሸኛት። ከዚያ በኋላ ምን መቀባት እንዳለባት፣ ከምን መጠንቀቅ እንዳለባት አንድም ቃል አልነገራትም። ፊቷ ሲወጠርና ሲደርቅ በሳሙና ታጠበች። ቅርፊቱ ሲነሣ በጥፍሯ ላጠችው። ለሠርግ ዝግጅት በቀትር ጸሐይ ስትዞር ዋለች። ነጠላዋን ስታወርድ ጉንጮቿ ከቀድሞው ማድያት ይልቅ ጠቁረው አየሁ።

«ዶክተር፣ አሲዱ ነው እንዲህ ያደረገኝ?» አለችኝ። የአሲዱ ድርሻ አለበት። ዋናው ጥፋት የተፈጸመው ግን አሲዱ ከታጠበ በኋላ ባሉት አሥር ቀናት ነው።

ፊትን በኬሚካል ማስላጥ የሕክምናው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ከዚያ በኋላ የሚደረገው እንክብካቤ ነው። ሐኪሞችም ቢሆኑ ይህን ሁለተኛውን ግማሽ በደንብ የተማሩት ዘግይተው ነው። እንዴት እንደተማሩት ልንገርዎት። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ፣ ኬሚካል ፒል ምንድን ነው?

በአጭሩ፣ መጠኑ የታወቀ አሲድ ፊት ላይ ተቀብቶ የላይኛው የቆዳ ሽፋን እንዲላጥና ከሥሩ አዲስ ቆዳ እንዲወጣ የሚደረግበት ሕክምና ነው። ለማድያት፣ ለብጉርና ብጉር ለተወው ጥቁረት፣ ለጠባሳ፣ ለፊት መሸብሸብም ይሠራል። ሦስት ደረጃ አለው። ቀላሉ የላይኛውን ስስ ሽፋን ብቻ ያነሣል፤ መካከለኛው ጠለቅ ይላል፤ ጥልቁ ደግሞ እስከ ውስጠኛው የቆዳ ክፍል ይደርሳል። ደረጃው በጨመረ ቁጥር ውጤቱም አደጋውም አብሮ ይጨምራል። በየትኛውም ደረጃ ግን ቆዳዎ ለጊዜው አጥሩ እንደፈረሰ ግቢ ይሆናል። ውኃ ከውስጥ ይወጣል፤ ጀርም፣ ጸሐይና የሚያሳክክ ነገር ሁሉ ከውጭ ይገባል።

ከማርና ከኮምጣጣ ወተት

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። በ1550 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ የተጻፈውና ዛሬ በጀርመን ላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የግብጻውያን የሕክምና መጽሐፍ፣ የኤበርስ ፓፒረስ፣ ቆዳን ለማደስ የሚሆኑ ቅመሞችን ይዘረዝራል። ከእነዚህ አንዱ የአልባስጥር ድንጋይ ዱቄት፣ ናትሮን የሚባል ጨው፣ የባሕር አካባቢ ጨውና ማር ተደባልቆ የሚቀባ ነው። ልብ ይበሉ፦ ዱቄቱና ጨው ቆዳውን ይፍቃሉ፣ ማሩ ደግሞ እርጥበት ይይዛል። የሚልጠውና የሚያለሰልሰው ያኔም አንድ ሙክት ውስጥ አብረው ነበሩ ማለት ነው።

በጥንት ዘመን ሴቶች በኮምጣጣ ወተት ፊታቸውንና ገላቸውን ይታጠቡ እንደነበር በሰፊው ይነገራል። ወተት ሲኮመጥጥ የሚሠራው ነገር ምን እንደሆነ የታወቀው ግን በ1780 ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ቪልሄልም ሼለ ከኮመጠጠ ወተት ላክቲክ አሲድን ለይቶ አወጣ። ዛሬ ለቀላል ፒል ከምንጠቀምባቸው አሲዶች አንዱ ይኸው ነው። በነገራችን ላይ ይህ ማለት እርጎ ፊትዎ ላይ ይቀቡ ማለት አይደለም። በክሊኒኩ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አሲድ መጠኑ ተለክቶ፣ ኮምጣጤነቱ ተመዝኖ ነው የሚመጣው።

የቅባቱም ታሪክ እንዲሁ ሩቅ ነው። በሁለተኛው ምዕተ ዓመት ሮም ውስጥ የሠራው ግሪካዊ ሐኪም ጋሌን ሰም፣ የወይራ ዘይትና ውኃ ደባልቆ ቀዝቃዛ ቅባት አዘጋጅቷል። ችግሩ ዘይትና ውኃ ተስማምተው አለመኖራቸው ነበር፤ ቅባቱ ሲቆይ ይለያያል፣ ይበላሻል። ይህ ችግር ደህና መፍትሔ እስኪያገኝ ከ1,700 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ሁለቱንም ያገናኘው ሐኪም

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ቪየና ውስጥ የዘመናዊ የቆዳ ሕክምና አባት ከሚባሉት አንዱ፣ ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ፣ ለማድያትና ለጠቃጠቆ ቆዳ የሚልጡ ኃይለኛ ኬሚካሎችን በጥንቃቄ ይጠቀም ነበር። እሱ ካስተማራቸው ወጣት ሐኪሞች አንዱ የሐምቡርጉ ፓውል ጌርሰን ኡና ነው። ኡና በ1882 አራት ነገሮች በቆዳ ላይ ምን እንደሚሠሩ ጻፈ፦ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ሬዞርሲኖል፣ ፌኖልና ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ። ዛሬም ከ140 ዓመት በኋላ አራቱም በሐኪሞች እጅ አሉ።

የኡና ሥራ በዚህ አላበቃም። ቆዳን የሚልጠውን ያጠናው ይህ ሐኪም ቆዳን የሚጠግነውንም ሲፈልግ ኖረ። አይዛክ ሊፍሹትዝ የተባለ ኬሚስት ከበግ ጸጉር ስብ ዘይትንና ውኃን አጥብቆ የሚያያይዝ ንጥረ ነገር ሠራ። ኡና ጥቅሙ ገባው፤ ለመድኃኒት አምራቹ ለኦስካር ትሮፕሎቪትስም ነገረው። ሦስቱ ሰዎች ተጋግዘው በ1911 ዓ.ም. መጨረሻ የማይለያይ፣ የማይበላሽ፣ ለማንም ሰው የሚሸጥ ነጭ ክሬም ለገበያ አወጡ። ስሙን ያውቁታል፦ ኒቪያ። ስሙ በላቲን በረዶን ከሚገልጽ ቃል የመጣ ሲሆን የክሬሙን ንጣት የሚናገር ነው።

ይህን ያነሣሁት ክሬሙን ይግዙ ለማለት አይደለም። ከላይ የጠቀስኳት ሙሽራ ያገኘችው የኡናን አሲድ ብቻ ነበር። የኡናን ሌላ እጅ ማንም አላሳያትም።

የነዳጅ ጉድጓድ ዳር የተገኘው ቅባት

ሌላው የቤትዎ ዕቃ ቫዝሊን ነው። በ1859 የ22 ዓመቱ አሜሪካዊ ኬሚስት ሮበርት ቼዝብሮ ነዳጅ ወደ ተገኘበት ወደ ፔንሲልቫኒያ ሄደ። እዚያ ሠራተኞቹ በመቆፈሪያው ብረት ላይ የሚጋገረውን ጥቁር ዝቃጭ እየተራገሙ ይጠርጉታል፤ እጃቸው ሲቆረጥ ወይም ሲቃጠል ግን ያንኑ ዝቃጭ ይቀቡታል። ቼዝብሮ ይህን አይቶ ዝቃጩን ለዓመታት ሲያጣራ ቆየ፣ ጥርት ያለ ቅባት አወጣ፣ በ1872 የባለቤትነት መብቱን አስመዘገበ። ሰው እንዲያምነው የገዛ እጁን እያቃጠለ ይቀባው ነበር ይባላል።

ቫዝሊን ለቆዳ ምግብ አይሰጥም፤ ሥራው መክደን ነው። ከውስጥ ሊተን የነበረውን ውኃ ይዞ ያቆየዋል። ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ግን ሐኪሞች ገና አልገባቸውም ነበር።

ምስጢራዊው ቀመርና ደረቁ ቅርፊት

ወደ ሎስ አንጀለስ እንሂድ። በ1920ዎቹና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ፊልም ሠሪዎቹ በበዙበት ከተማ፣ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ፊትን በፌኖል እየላጡ ወጣት እናስመስላለን ይሉ ነበር። ቀመሩን እንደ ቤተሰብ ምስጢር ይዘው አንዱ ለሌላው ያወርሱት ነበር። ያማረላቸው ደንበኞች ነበሩ፤ የተጎዱም ነበሩ። ፌኖል ቀልድ አይደለም፦ በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፣ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የማያሚ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ቶማስ ቤከርና ሃዋርድ ጎርደን ፌኖልና ክሮተን ዘይት ያለበትን ቀመር በይፋ አሳተሙ። ምስጢሩ በዚህ ተገለጠ።

የዚያን ጊዜውን እንክብካቤ ግን ይመልከቱ። አሲዱ ከተቀባ በኋላ ፊቱ በፕላስተር ይሸፈናል። ከሁለት ቀን በኋላ ፕላስተሩ ይነሣና በሚያዠው ፊት ላይ የሚያደርቅ ዱቄት ይነሰነሳል። ዱቄቱ ከፈሳሹ ጋር ተጣብቆ ወፍራም ደረቅ ቅርፊት ይሆናል፤ ታካሚው ያንን ጭምብል እስኪወድቅ ለብሶ ይሰነብታል። ዓለም ሁሉ ያኔ ቁስል መድረቅ አለበት ብሎ ያምን ነበር። የእኛም ሰው «አየር ያግኘው፣ ይድረቅ» ይል የለ?

እምነቱን የገለበጡት አሳማዎች

በ1962 እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆርጅ ዊንተር በአሳማዎች ቆዳ ላይ ጥልቀት የሌላቸው ቁስሎች አደረገ። ግማሾቹን ለአየር ተዋቸው፤ ግማሾቹን በስስ ፕላስቲክ ሸፍኖ እርጥብ እንዲሆኑ አደረገ። እርጥብ የተደረጉት በእጥፍ ገደማ ፈጥነው ቆዳ አበጁ። በቀጣዩ ዓመት በሰው ላይም ተመሳሳይ ውጤት ታየ።

ምክንያቱን ገበሬ ቶሎ ይረዳዋል። ቁስል የሚድነው ከዳርና ከሥር የሚመጡ አዳዲስ ሕዋሳት እየተሳቡ ሲሸፍኑት ነው። ላዩ ከደረቀ፣ ሕዋሳቱ እርጥብ ቦታ ፍለጋ ከቅርፊቱ ሥር እየቆፈሩ መሄድ አለባቸው፤ ማረሻ በበጋ መሬት ላይ እንደሚታገለው ነው። ላዩ እርጥብ ከሆነ ግን ክረምት እንደመታው እርሻ ይቀልላቸዋል። ከዚህ ጥናት አሥር ዓመት ቀድሞ ደግሞ በ1952 አሜሪካዊው ኢርቪን ብላንክ የደረቀ ቆዳን የሚያለሰልሰው ራሱ ዘይቱ ሳይሆን ውኃው መሆኑን አሳይቷል። ዘይቱ ውኃውን ጠባቂ ነው። «እርጥብ ፊት ላይ ቅባት ይቀቡ» የምንልዎት ለዚህ ነው።

ቀስ በቀስም ዱቄቱ ቀረ፣ ቅባቱ ገባ። በ1974 ዩጂን ቫን ስኮትና ሩይ ዩ ከፍራፍሬና ከወተት ዘር የሆኑት አሲዶች በቆዳ ላይ የሚሠሩትን ሲያሳዩ፣ ፒል ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጥቶ ወደ ተራ ክሊኒክ፣ ከዚያም ወደ ውበት ሳሎን፣ አሁን ደግሞ ወደ ኢንተርኔት ገበያ ወጣ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2024 ሰዎች ያለ ባለሙያ ኃይለኛ የፒል አሲድ ገዝተው ቤታቸው እንዳይጠቀሙ አስጠንቅቋል። አሲዱ ሰፈር ድረስ መጥቷል፤ እንክብካቤው ግን አብሮ አልመጣም።

የእኛ ቆዳ ከየት ገባ?

እስካሁን ያወራሁት ታሪክ በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ታሪክ ነው። በ1975 የቦስተኑ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ ቆዳን ለጸሐይ በሚሰጠው ምላሽ ሲከፋፍል አራት ዓይነት ብቻ ነበር የቆጠረው፤ ሁሉም ለነጮች። ቡናማና ጥቁር ቆዳ አምስተኛና ስድስተኛ ሆነው የተጨመሩት በኋላ ነው። አብዛኞቻችን ኢትዮጵያውያን የምንገኘው ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ባለው ነው።

ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም። የእኛ ቆዳ ሲቆጣ፣ ሲቃጠል ወይም ሲቧጠጥ ቀለም ሠሪ ሕዋሳቱ ይነቃሉ፤ ቁስሉ ይድንና ጥቁረቱ ለወራት ይቀራል። ጥልቅ የፌኖል ፒል ደግሞ በተቃራኒው ቀለሙን ለዘለቄታው ሊያነጣው ስለሚችል ለእኛ አይመከርም። ደስ የሚለው፣ በ1999 ዶክተር ፐርል ግራይምስ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ አምስተኛና ስድስተኛ ዓይነት ቆዳ ባላቸው 25 ሰዎች ላይ ሞክራ፣ ቀላል ፒል በቅድመ ዝግጅትና በጥንቃቄ ከተሠራ ለእኛም እንደሚሆን አሳይታለች። ይህን ጥናት የሠራችው በዚያችው በሎስ አንጀለስ ነው።

ታሪኩ ለእርስዎ ምን ይላል?

ፒል ለማሠራት ካሰቡ፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከንፈርዎ ላይ ምች የሚወጣብዎ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የብጉር ኪኒን ከወሰዱ ወይም ጠባሳዎ የሚያብጥ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩት። ከተሠራልዎ በኋላ ደግሞ ሐኪምዎ ከሚሰጥዎ ትእዛዝ ጋር እነዚህን ይያዙ፦

1. ፊትዎን በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ፣ በጣትዎ ብቻ ይታጠቡ። የልብስም የገላም ሳሙና ይቅር፤ ለስላሳ፣ ሽታ የሌለው የፊት ማጠቢያ ይበቃል። በንጹሕ ጨርቅ ጠጋ ጠጋ አድርገው ያድርቁ እንጂ አይፈትጉ።

2. ፊትዎ ገና እርጥብ እያለ ይቀቡ። ፒሉ ጠለቅ ያለ ከሆነ ንጹሕ ቫዝሊን በስሱ፣ ቀላል ከሆነ ግሊሰሪን ወይም ሴራማይድ ያለው ሽቶ አልባ ማለስለሻ ክሬም። መወጠር በተሰማዎ ቁጥር ይድገሙት። ቆዳው ሲዘጋ፣ በተለይ ብጉር የሚወጣብዎ ከሆነ፣ ከቫዝሊኑ ወደ ቀለል ያለው ክሬም ይሻገሩ።

3. የፀረ ተሕዋስያን ቅባት በራስዎ አይጨምሩ። በ1996 በአሜሪካ 922 ቀላል የቆዳ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ተጠንተው፣ ተራ ቫዝሊን የተቀቡትና ባሲትራሲን የተቀቡት በኢንፌክሽን ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየባቸውም። አለርጂ የታየው ባሲትራሲን በተቀቡት ላይ ብቻ ነበር።

4. አይላጡት። ቀላል ፒል አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መቀረፍ ይጀምርና በሳምንት ገደማ ያበቃል፤ መካከለኛው እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ከሥሩ ያለው ቆዳ ሲደርስ የላዩ ራሱ ይወድቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ።

5. ከጸሐይ ይሸሹ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ የጸሐይ ጎጂ ጨረርን በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ አይቀዘቅዝም። ጥላና ሰፊ ባርኔጣ ከመጀመሪያው ቀን፣ ቆዳው ሲዘጋ ደግሞ ቢያንስ 30 መጠን ያለው ሰንስክሪን። ማድያት ካለብዎ ቀለም ያለውና አይረን ኦክሳይድ የያዘው ይሻላል። ከምጣድና ከእንፋሎት ሙቀትም ይራቁ።

6. እስኪድን ሎሚ፣ እሬት፣ ቅቤ፣ ስክራብ፣ ሽቶ፣ ሜካፕና የማንጫ ክሬም ፊትዎ አይድረሱ። በተለይ ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸው ክሬሞች ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ማድያቱንም ያብሱታል።

7. ሕመሙ እየቀነሰ ከመሄድ ይልቅ ከባሰ፣ መግል ወይም ቢጫ ቅርፊት ከታየ፣ እንደ ምች ያሉ ውኃ የቋጠሩ ነጥቦች ከወጡ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቦታው መጥቆር ከጀመረ፣ በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ቀን ሐኪምዎን ያግኙ።

በውጭ አገር ለሚኖሩ አንባቢዎቼ አንድ ነገር ልጨምር። የባሕረ ሰላጤው አየር ማቀዝቀዣም ሆነ የአውሮፓና የአሜሪካ ክረምት ማሞቂያ የክፍሉን አየር ስለሚያደርቅ፣ ቅባቱን ደጋግመው መቀባት ይኖርብዎታል።

የሙሽራዋን ነገር ሳልጨርስ አልተውዎትም። ለሠርጓ አልደረሰም፤ ጥቁረቱ በሜካፕ ተሸፍኖ አለፈ። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ አሲድ አልጨመርንላትም። የሰጠኋት ለስላሳ ማጠቢያ፣ ማለስለሻ ክሬም፣ ሰንስክሪንና በየጊዜው እየመጣች እንድትታይ ቀጠሮ ነበር። ከወራት በኋላ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ መጣች።

እርስዎም ነገ ፊትዎን ሊያስልጡ ከሆነ፣ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ይህን ይጠይቁ፦ «ከዚያ በኋላስ ምን ልቀባ? ችግር ቢመጣ ለማን ልደውል?» መልስ ከሌለው ሰው ፊትዎን ይዘው ይመለሱ።

ሠርግ ወይም ምርቃት የደረሰላት እኅት ወይም ጓደኛ ካለችዎ ይህን ጽሑፍ ያጋሯት። ጤና ይብዛልዎ።